ለእንግዳ የተጠረገው ማስጫ

ባለቤቴ አብዱልበሲጥ ታንኳ ሠሪ ነው። ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ በሐይቁ ዳር የምንኖር ሙስሊሞች አብዛኞቻችን ከዓሣና ከደንገል ሌላ ሥራ የለንም። እሱ ግን አንድ ተጨማሪ ሥራ አለው፤ አቤቱታ። ቧንቧ ሲደርቅ የሚሄደው እሱ ነው፤ የመንገድ መብራት ሲጠፋም እሱ ነው። ቧንቧው እንደ ደረቀ፣ መብራቱም እንደ ጠፋ አለ፤ እሱን ግን በየቢሮው የማያውቀው የለም። ዘበኞቹ ከሩቅ ሲያዩት ማንን ፈልጎ እንደ መጣ እንኳ ሳይጠይቁ "የሉም" ይሉታል።

ከአምስተኛ ክፍል አስወጥተው ለእሱ ሲድሩኝ እናቴ "አፉ የተፈታ ሰው ነው፣ ቤትሽ አይጎድልም" ብላኝ ነበር። የአፉስ ነገር እውነት ነው። ቤቱን ተዉት።

ደንገል ከሐይቁ ዳር ታጭዶ እንደ መጣ ታንኳ አይሆንም። ፀሐይና ነፋስ ባለበት ሜዳ ተሰጥቶ መድረቅ አለበት። ታንኳውም ቢሆን ውኃ ይጠጣል፤ ከሐይቅ ሲመለስ ተጎትቶ ወጥቶ፣ ተገትሮ ካልደረቀ ይበሰብሳል። ለዚህ ሁሉ ያለን አንድ ሜዳ ነው፤ ማስጫ እንለዋለን። ዓሣ የምናደርቅበት ቆጥም መረቡም እዚያው ነው። ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ሰፈራችን ውስጥ ምንም ሳያግደው የሚደርሰው እዚያ ብቻ ነውና ሌላ ቦታ ብንሰጣ ይሻግታል።

ነፋሱን የወደድነው ግን እኛ ብቻ አልነበርንም። አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ አበራ ስብሰባ ጠርተው በነፋስ የሚሠራ የመብራት ኃይል ሊተከል ነው አሉን። ሥዕሉን አሳዩን፤ ከመስጊዳችን ሚናራ ብዙ ጊዜ የሚረዝም ምሰሶ፣ ራሱ ላይ ሦስት ክንፍ። ቦታው የት ነው ስንል ማስጫችን ሆኖ ተገኘ። ካርታው ላይ "ጥቅም ላይ ያልዋለ መሬት" ተብሏል። ባለሙያዎቹ ከመኪና ሳይወርዱ አይተውት ይሆናል። ከመኪና ሲያዩት የተሰጣ ደንገል ሣር ነው።

አብዱልበሲጥ ተነሣ። መብራት የሚጠላ ሰው የለም፣ እኛም አንጠላም አለ። ከኋላችን ያለው ኮረብታ ድንጋይና ዝንጀሮ ብቻ ነው፣ ነፋስም ሞልቶታል፣ እዚያ ይተከል አለ። ንግግሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ እሱ ግን ከአያቱ ታንኳ ጀምሮ ተረከውና ግማሹ ሰው አንቀላፋ። አቶ አበራ በትዕግሥት ጨርሰው ከሰሙ በኋላ ጉዳዩ ከእሳቸው በላይ እንደ ሆነ፣ ተመራጫችንን መጠየቅ እንደሚሻል ነገሩን።

ተመራጫችን የተከበሩ አቶ አለበል ናቸው። ምርጫ የደረሰ ጊዜ መጥተው ነበር። ታንኳ ላይ ወጥተው ፎቶ ሲነሡ ውኃው ከጉልበት የማያልፍ ቢሆንም ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዟቸዋል። ከዚያ ወዲህ ያየናቸው ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ፎቶ ነው፤ እሱንም ዝናብ አጠበው።

አብዱልበሲጥ ክረምቱን ሙሉ ከተማ ተመላለሰ። ቢሮ ሲሄድ ስብሰባ ላይ ናቸው። ቤታቸው ዓባይ ማዶ ነው ሲሉት ባጃጅ ይዞ ድልድዩን ተሻገረ፤ እዚያ ደግሞ ቢሮ ናቸው። ጎረቤታችን ቡርሀን አሥጋሪ ነው፣ ምላሱም ስለት ነው። "አያ አብዱልበሲጥ፣ ይሄን ሰውዬ በእግር አትይዘውም። መረብ ላውስህ?" ይለዋል መንገድ ላይ ሲያገኘው።

መረቡን ያገኘው ከለቅሶ ነው። የአቶ አለበል አጎት ሐሙሲት ላይ ማረፋቸውን ገበያ ላይ ሰማ። ሟቹን በሕይወት ሳሉ አያውቃቸውም፤ ነጠላዬን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በሚኒባስ ሄደ። ድንኳኑ ውስጥ ከቤተ ዘመዱ በላይ አዘነ አሉ። ከዚያ ተመራጩ ጎን ተቀመጠና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ከ"አላህ ያጽናዎት" ቀጥሎ ስለ ማስጫው ተናገረ። ለለቀስተኛ ስብሰባ አለብኝ አይባልም። አቶ አለበል ሐሙስ መጥተው በዓይናቸው እንደሚያዩና ያዩትን ለምክር ቤቱ እንደሚያቀርቡ በሰው ፊት ቃል ገቡ።

አብዱልበሲጥ ሲመለስ ሰውነቱ ሰፍቶ በሩ የጠበበው ይመስል ነበር። ማታውኑ ሰፈሩን ሰብስቦ የምንሠራውን አከፋፈለ። የአገራችን ልማድ የታወቀ ነው፤ ትልቅ እንግዳ የሚመጣበት ቤት ዕቃው ይሸሸጋል፣ ደጁ ይጠረጋል፣ የሚሸት ነገር ይርቃል። ሐሙስ ጠዋት ሴቶቹ ማስጫው ላይ ወረድን። ደንገሉን እየተሸከምን ከቤቶቹ ጀርባ ቆለልነው። የተገተሩት ታንኳዎች መስጊዱ ኋላ ተደበቁ። የዓሣው ቆጥ ጎረቤቴ ሐቢባ ጓሮ ገባ። ሐቢባ "ለአንድ ሰው አፍንጫ ብላችሁ የእኔን ቤት ዓሣ አደረጋችሁት" እያለች ብታጉረመርምም ተሸከመች። ከዚያ ሜዳውን ጠረግነው፣ አቧራው እንዳይነሣ ውኃ ረጨንበት፣ ከመስጊድ ተውሰን ምንጣፍ አነጠፍን። እንዲያ ጸድቶ አይቼው አላውቅም። አብዱልበሲጥ መሐሉ ላይ ቆሞ በግራም በቀኝም አየና "አሁን ሰው ያለበት መሰለ" አለ።

አቶ አለበል ካሜራ ከያዘ ሰው ጋር መጡ። ከመኪና ወርደው ነፋሱ ኮታቸውን ሲያነሣው ደስ አላቸው። ምንጣፉ ላይ ቆመው ዙሪያውን ተመለከቱ።

"ማስጫ ያላችሁኝ የት ነው?" አሉ።

"የቆሙበት ነው፣ ክቡርነትዎ።"

"እኔ የማየው ሜዳ ነው።"

አብዱልበሲጥ ሳቅ አለ፤ ነገሩ ገና አልገባውም። "ለእርስዎ ክብር ብለን ዛሬ ጠዋት አነሣነው እንጂ ሙሉ ነበር።"

"በአንድ ጠዋት?"

"አዎ። ሁሉም ተባብሮ።"

አቶ አለበል ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። "ታዲያ ምን ያስቸግራል፣ አባቴ? በአንድ ጠዋት የሚነሣ ነገርማ ለዘለቄታውም ይነሣል።"

ለአብዱልበሲጥ ነገሩ የገባው ያን ጊዜ ነው። ከቤቶቹ ጀርባ ሄደን እንይ ብሎ ለመናቸው። ሰዓቱ ሄዷል አሉ። የጠበስንላቸውን ዓሣ ግን በሉ፤ እጃቸውን ታጥበው፣ ሴቶቹንም አመስግነው ሄዱ።

በማግስቱ ቡርሀን ሬዲዮኑን ይዞ ደጃችን መጣ። ነዋሪዎቹ በራሳቸው ተነሣሽነት ቦታውን አጽድተው ለልማቱ ባለቤት ማስረከባቸውን ተመራጩ በአካል ተገኝተው አረጋግጠዋል ይላል ዜናው። ቡርሀን ሊያሾፍ አስቦ ነበር፤ የባለቤቴን ፊት ሲያይ ዘጋውና ሄደ።

አብዱልበሲጥ ደንገሉን ለብቻው መመለስ ጀመረ። እኛም ታንኳዎቹንና የዓሣውን ቆጥ እየመለስን ረዳነው። ከጀርባ ያደረው ሻግቶ ስለ ነበር ግማሹን ጣልነው። ሌላ አጭዶ ያንንም ሰጣው። መሄጃ እስኪጠፋ ድረስ ሜዳውን ሞላው። በሊቀመንበሩም በተመራጩም ቢሮ ግን ከዚያ በኋላ አልታየም፤ ዘበኞቹ ታሟል ወይ ብለው ጠይቀዋል አሉ።

የምሰሶውን ቦታ የሚለኩ ቀያሾች ችካላቸውን ይዘው መጡ። ለሥራ የመጡ ልጆች ናቸው፣ ክፉ አይደሉም። አለቃቸው በትሕትና "አባታችን፣ ለዛሬ ብቻ ብታነሡልን" አለ። አብዱልበሲጥ ከሚሠራው ታንኳ ላይ ቀና አላለም።

"ያን ጊዜ ያነሣሁት ለእንግዳ ነው" አለ። "እናንተ በሬዲዮ ባለቤት ተብላችኋል። ለባለቤት ዕቃ አላነሣም፤ ራሳችሁ አንሡ።"

ልጆቹ ተያይተው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። እርጥብ ደንገል ይከብዳል፤ ያልለመደ ሰው እጁን ይቆርጠዋል። ከዓሣው ቆጥ ሲደርሱ አንደኛው አፍንጫውን ይዞ ወደ መኪናው ተመለሰ። እኛ ሴቶቹ ቁጭ ብለን አየናቸው። ወደ ማታ የሐይቁ ነፋስ ሲበረታ የከመሩትን ደረቁን ደንገል አንሥቶ መልሶ በተነባቸው። ችካል ሳይተክሉ ሄዱ። በሚቀጥለው ሳምንት ከቀን ሠራተኛ ጋር እንመጣለን ብለዋል።

"ይመጣሉ" አልሁት። የቀን ሠራተኛ ደንገል ማንሣት አያቅተውም፤ ይህን እሱም ያውቃል።

"ይምጡ" አለ። "የዓሣውን ቆጥ ወደ መሐል አምጡት። ዓሣውንም እስከዚያ አትገልብጡት።"

ያልተገለበጠ ዓሣ ይሸታል። ከሐቢባ ጋር ቆጡን ግራና ቀኝ ይዘን ወደ መሐል ወሰድነው።