ከፍየሏ ጨጓራ የወጣው ጥምዝ ፍሬ

ቆይ፣ ቆይ! ከዛፍ ሥር የወደቀውን ሁሉ ጆንያ ውስጥ አትክተቱ። ዘር ልትለቅሙ መጥታችሁ ግራርን ከግራር ካልለያችሁ፣ ለችግኝ ጣቢያው ምን ልትሰጡት ነው? እኔ እንኳ ለይቼ አውቃለሁ ብዬ ነብር ሊበላኝ ነበር። ተቀመጡና ላውጋችሁ።

ወሩ መጋቢት ነበር። በልጉ እምቢ ብሎ ከላሊበላ ቁልቁል ወደ ተከዜ ያለው አገር ሁሉ አቧራ ሆኗል። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ የከለልነው ይሄ ተራራ ያኔ ሰባተኛ ዓመቱን ይዟል። እርከኑን በእጃችን ድንጋይ ተሸክመን ሠርተን፣ ከብትም መጥረቢያም እንዳይገባ ተማምለን ነበር። መጀመሪያ ሣሩ መጣ፣ ቀጥሎ ድኩላው፣ ከዚያ ነብሩ። ነብሩ ደግሞ ፍየል መብላት ጀመረ።

ሰው ተቆጣ። ከሁሉ ይልቅ የጮኹት አያ ታፈረ ናቸው፤ ሦስት ፍየል አልቆባቸዋል። ከቅዳሴ በኋላ በተቀመጥነው ስብሰባ ላይ ተነስተው «ተራራውን ለነብር ነው እንዴ የከለልነው? እስከ እሑድ ካልተገደለ ይከፈት!» አሉ። ሕዝቡም ተስማማ። ይከፈት ማለት መጥረቢያው ይግባ ማለት ነው። የሰባት ዓመት ልፋቴ በአንድ ሳምንት ከሰል ሊሆን ነው። የሰፈሩ አዳኝ እኔ ስለሆንኩ ምንሽሬን ወለወልኩ።

ሐሙስ ጠዋት አያ ታፈረ መጡ። «ሲሳይ፣ አራተኛዋንም በላት!» አሉኝና ወደ ወል ግጦሹ ይዘውኝ ሄዱ። ፍየሏ ግማሽ ጎኗ ተበልቶ ከአንድ ባዝራ ግራር ሥር ተጋድማለች። መሬቱን አየሁት፤ የደም ጠብታ የለበትም። ይሄ ደስ አላለኝም። ቢላዬን አውጥቼ ጨጓራዋን ቀደድኩት። ከውስጡ ጥምዝምዝ ያለ፣ የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ የሚመስል ፍሬ ወጣ።

ቀና ብዬ ዛፉን አየሁ። ባዝራ ግራርን እናንተም ታውቁታላችሁ፦ አናቱ ዝርግ ነው፣ ቅጠሉ ደቃቅ፣ አበባው ነጭ ድብልብል፣ ፍሬው ቀጥ ያለና ጠፍጣፋ። ጥምዙ ፍሬ የሌላ ግራር ነው። ያኛው በክረምት ሌላው ዛፍ ሁሉ ሲለመልም ቅጠሉን ያራግፍና በበጋ ሌላው ሲደርቅ እሱ ይለመልማል፤ አበባው ደግሞ ድብልብል ሳይሆን እንደ ጣት ረዘም ያለ ነው። በኛ አካባቢ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከከለልነው ተራራ ውስጥ፣ ከሸለቆው ግርጌ።

«አያ ታፈረ፣ የሞተችው እዚህ ነው?»

«እዚሁ ነዋ! ውሸታም ነኝ?»

በኛ አገር ሽማግሌ ፊት ለፊት «ዋሹ» አይባልም። ፍሬውን ኪሴ ከተትኩና «ሸለቆውን ልየው» አልኩ። ፊታቸው ልውጥ አለ። «አንተ ውረድ፤ እኔ ከአፋፉ እጠብቃለሁ» አሉኝ።

ነፋሱ ከታች ወደ ላይ ይነፍስ ስለነበር ጠረኔ ቀድሞኝ አይወርድም። ከአሸዋው ላይ ዱካውን አገኘሁት፤ ክብ፣ ጥፍር የማይታይበት፣ የዛሬ። ከዛፉ ሥር ስደርስ ጥምዙ ፍሬ መሬቱን ሸፍኖታል፤ በመሃሉ የፍየል በጠጥ ተበትኗል፣ ደም ደርቋል። ግምቴ ልክ ሆኖ እንዴት እንደኮራሁ! አጎንብሼ አንዱን ፍሬ አንስቼ ኪሴ ካለው ጋር አስተያየሁት። ነብር የማድን ሰው፣ ልጆቼ፣ መሬት መሬት እያየሁ ነበር።

የዛፍ ቅርፊት ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ቀና ስል ጅራት አየሁ።

ወደ ኋላ ስራመድ ድንጋይ ከዳኝና ነብሩ ወረደ። ምንሽሬን ለማዞር ጊዜ አልነበረም። ያለው ቆንጥር ብቻ ነው፤ እሾሁ ሁለት ሁለት ሆኖ ወደ ኋላ የተቆለመመው፣ ፍሬው እንደ ወረቀት የሚሳሳው ግራር። ዘልዬ ገባሁበት። ቆንጥር ሲገቡበት ይቧጭራል፣ ልውጣ ሲሉት ግን አይለቅም። ጋቢዬን ያዘኝ፣ የጠመንጃዬን ማንገቻ ያዘው፣ ጆሮዬን ሳይቀር ያዘኝ። ነብሩ እጁን ሰዶ ጋቢዬን ዘለዘለው። ትንፋሹ ፊቴ ላይ ይሞቀኛል። ከዚያ እሾሁ አፍንጫውን ወጋውና አጓርቶ አፈገፈገ፤ ግን አልሄደም። እኔም እንደ ሕፃን ጮህኩ፤ ምን አሳፍሮኝ እደብቃችኋለሁ?

ከላይ ድንጋይ ተናደ። አያ ታፈረ በዚያ ዕድሜያቸው መጥረቢያ ይዘው ገደሉን እየተንሸራተቱ «ልቀቀው! ልቀቀው!» ይላሉ። ነብሩ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን አየና ሸለቆውን ይዞ ሄደ።

ቆንጥሩን እየቆረጡ፣ እሾሁን ከጀርባዬ እየነቀሉ፣ «ሲሳይ፣ ፍየሎቹን ያስገባሁት እኔ ነኝ» አሉ። «በድርቁ ሊያልቁብኝ ሆነ፤ ፍሬው ደግሞ እዚህ በከንቱ ይረግፋል። አራተኛዋንም እንዳይታወቅብኝ ወደ ወል ግጦሹ ጎትቼ ያወጣኋት እኔ ነኝ።»

ፍሬውን ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋቸው።

«አውቀህ ነው ዝም ያልከኝ?»

«እርስዎ ራስዎ እንዲናገሩት ብዬ ነው።»

ተናድጄባቸው ነበር፤ ግን ሲያለቅሱ አብሬ አለቀስኩ። እሑድ ማንም ሳይጠይቃቸው ተነስተው ለሕዝቡ ሁሉ ተናገሩ። በመጨረሻ ፍየል እንዳይገባ፣ ፍሬው ግን በእጅ ተለቅሞ እንዲወጣ ተስማማን። ተራራው ሳይከፈት ቀረ። የአያ ታፈረ ፍየሎች ያን መጋቢት እሳቸው በጆንያ በተሸከሙላቸው ጥምዝ ፍሬ ከረሙ፤ ነብሩም ወደ ድኩላው ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ከጠመንጃዬ በፊት የማየው የተበላውን ነው፤ ማን በላ ከማለቴ በፊት የተበላችው ምን በልታ እንደነበር እጠይቃለሁ። ለቀማ ስትወጡም ፍሬውን ያዙ፣ አበባና ቅጠሉን አስተያዩ፣ ታዲያ እባካችሁ ቀና ማለትም አትርሱ።

ነብሩስ አላችሁኝ? ባለፈው ሳምንት ለዘር ወርጄ ከዛፉ ሥር ዱካውን አገኘሁት። በጎኑ ትንሽ ትንሽ ዱካ አለ፤ ለካስ ሴት ናት፣ ልጅ ይዛለች። ግራ ቀኝ አየሁና፣ ሌላ አዳኝ እንዳያገኘው በእግሬ ጠርጌ አጠፋሁት።