ቀለሙ የዘገየ ቤት

መስዑዳ ኧርቪንግ በተባለ ከተማ ባለ አንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራለች። ጎህ ሳይቀድ ገብታ ከቀትር በኋላ ጎረቤት ከተማ ዩለስ ወዳለው አፓርትመንታቸው ትመለሳለች። ባሏ ሲራጁዲን የኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ይነዳል። ሁለቱም ኮምቦልቻ ነው ያደጉት፤ አንድ ልጃቸው ጁወይሪያ ግን እዚሁ ሰው አገር ተወልዳ፣ ባለፈው ነሐሴ ነርስነት ልትማር ላበክ ወደተባለ ሩቅ ከተማ ሄደች።

ስትሄድ አሮጌ ማክ ኮምፒዩተሯን ለእናቷ ትታ አንድ የኦንላይን ጌም ጫነችላት። ሰው ቤት እየሠራ፣ አትክልት እየተከለ፣ ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር የሚውልበት ጌም ነው። መስዑዳ መጀመሪያ የተቀበለችው በሳቅ ነበር። ሆኖም በስልክ ሲደዋወሉ ወሬያቸው ቶሎ ያልቅባቸዋል፤ በላሽ ወይ፣ ሰገድሽ ወይ፣ ብርድ አለ ወይ፣ ከዚያ ዝምታ። ጌሙ ውስጥ ጎን ለጎን እየሄዱ በሄድፎን ሲያወሩ ግን ዝምታውም አይከብድም። እናት አለቃዋን ታማለች፣ ልጅ ስለ ዶርም ጓደኞቿ ትነግራታለች። ከሥራ ተመልሳ ጌሙ ውስጥ በገባች ቁጥር ጁወይሪያን እዚያው ታገኛታለች።

ብርዱ ሲገባ ጌሙ አፕዴት ተደረገ። ከዚያ ወዲህ መስዑዳ የምትገባበት ሰፈር ግራጫ ሆነባት። ለነገሮቹ ቀለምና ገጽ የሚያለብሷቸው ምስሎች፣ ቴክስቸር የሚባሉት፣ ቶሎ አይመጡም። ዛፉ ከጭቃ የተሠራ ይመስላል፤ ሰዉ ዓይንና አፍ የለውም። ቆማ ብትጠብቅ ቀለሙ ቀስ እያለ ይደርሳል፤ ያኔ ግን ልጇ አልፋ ሄዳለች። ስለዚህ ድምጿን ብቻ እየተከተለች ትሄድ ጀመር። ለጁወይሪያ አልነገረቻትም። እናቴ ኮምፒዩተር አይሆንላትም ብላ እንዳትተዋት ፈርታ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጁወይሪያ ብዙ የደከመችበትን ቤት ጨረሰችና እናቷን ደጃፉ ላይ አቁማ በሩ እንዴት እንደሆነ ጠየቀቻት።

«ያምራል። አረንጓዴ ማድረግሽ ጥሩ ነው» አለች መስዑዳ። ልጇ አረንጓዴ እንደምትወድ ስለምታውቅ ገምታ ነው።

ጁወይሪያ አረመቻት። «እማ፣ በሩ ቀይ ነው። ምንም አይታይሽም እንዴ?»

ወዲያው ስልክ ደወለችና ችግሩን መፈለግ ጀመሩ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ አለች ጁወይሪያ፤ አለዚያ የቱ እንደረዳን አናውቅም። መጀመሪያ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው የምስሉን ጥራት ዝቅ አደረጉ፤ ዛፎቹ ያው ናቸው። ዋይፋዩ ደክሞ እንዳይሆን ብለው፣ የዕረፍት ቀኑ የነበረው ሲራጁዲን ኮምፒዩተሩን ተሸክሞ ራውተሩ ካለበት ኮሪደር ወሰደውና በኬብል አገናኘው። ትንሽ ፈጠነ። ከጌሙ ወጥተው እንደገና ሲገቡ ግን፣ ቅድም በደንብ የታየው ዛፍ ተመልሶ ግራጫ ሆኖ ጠበቃቸው።

ጁወይሪያ እዚህ ላይ ነቃች። ጌሙ አንዴ ያመጣውን ምስል ኮምፒዩተሩ ላይ አስቀምጦ በሚቀጥለው ጊዜ ከዚያው ነው ማንሳት ያለበት። ስቶሬጁን እንድታይ ነገረቻት። ባዶ ቦታ የሚባል አልነበረም። መስዑዳ ስልኳን ከማኩ ጋር ካገናኘች ወዲህ፣ ከኮምቦልቻ የሚላክላት የሠርጉም፣ የአዲስ ሕፃን ድግስ የአቂቃውም ቪዲዮ እዚያ ሲከማች ኖሯል። ጌሙ ማስቀመጫ ስላጣ ያመጣውን እየጣለ እንደገና ያመጣ ነበር።

ቪዲዮዎቹን ዲሊት ለማድረግ አልጨከነችም፤ አንዳንዶቹ ላይ የሚስቁት ሰዎች ዛሬ በሕይወት የሉም። ሲራጁዲን ወጥቶ ሃርድ ድራይቭ ገዝቶ መጣና ቪዲዮዎቹ ወደዚያ እንዲገለበጡ አድርጎ፣ ለከሰዓቱ የዐስር ሶላት መስጊድ ሄደ። እናትና ልጅ ስልኩን ሳይዘጉ መጠበቅ ያዙ።

«ያልታየኝን አየሁ ያልኩሽ እንዳትሰለቺኝ ብዬ ነው» አለች መስዑዳ።

ጁወይሪያ እየተንተባተበች ተናገረች። «እማ፣ እኔም ... ማለቴ፣ ክላስ መሄድ ስቶፕ አድርጌያለሁ። ኬሚስትሪ ወደቅኩ። ከዚያ ለሌሎቹም መነሳት አቃተኝ። ሁልጊዜ ጌም ላይ የምታገኚኝ ለዚህ ነው።»

መስዑዳ የድካማቸውን ነገር ልታነሳ፣ ለእንግዳ ሁሉ «ነርሳችን» እያለች ስታስተዋውቃት መኖሯን ልትነግራት ትችል ነበር። ግን ደግሞ ተማሪ ልጅ በዚያ ሰዓት ሁሉ ከጌም የማትጠፋው ለምን እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቀችም። ማግኘቷ ደስ ስላላት መጠየቁን አልፈለገችውም።

«ሌላ ማን ያውቃል?» አለቻት።

«ማንም።»

«እንግዲህ እኔ አወቅሁ። ብቻሽን አይደለሽም።»

ጁወይሪያ ለአባቷ ራሷ ልትነግረው ፈለገች። ሲራጁዲን ከመስጊድ ሲመለስ መስዑዳ ስልኩን አቀበለችው። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ቆሞ ሰማ። ምግብ ትበላ እንደሆነ ጠየቃት፣ ቀጥሎም ነገ ጠዋት እንመጣለን አላት።

እነሱ ሲነጋገሩ ግልበጣው አለቀ። መስዑዳ ማኩን ሪስታርት አድርጋ ጌሙን ከፈተች። ዛፎቹ ቅርፊትና ቅጠል ነበራቸው። ወደ ልጇ ቤት ሄዳ ቀዩን በር ከፍታ ገባች። በየመስኮቱ መጋረጃ ተሰቅሏል፤ የወለሉ እንጨት አንድ በአንድ ተመርጦ ተገጥሟል፤ የመደርደሪያው መጻሕፍት እንኳ ቀለማቸው ይለያያል። ልጇ እንዲህ ያለ ነገር በእጇ መሥራት እንደምትችል አታውቅም ነበር፤ ኮራችባት። ስንት ከሰዓት እንደፈጀ፣ ልጅቷ ይህን ሁሉ ስትገጥም ምን ያህል ብቻዋን እንደነበረች እያሰበች ደግሞ ከክፍል ክፍል ስትዞር ቆየች።

ጁወይሪያ ከእነሱ ጋር ወደ ቤት ተመለሰች። አሁን እዚሁ ቅርብ ያለ ኮሌጅ ጥቂት ክላስ ትወስዳለች፤ ምን እንደምትሆን ገና አልወሰነችም። መስዑዳም ለጠያቂ ሁሉ «ትማራለች» ብላ ታልፋለች። አንዳንድ ቀን ልጅቷ እስከ ቀትር ስትተኛ ይጋጫሉ። ከሰዓት ሲሆን ግን አንዷ ሳሎን፣ አንዷ መኝታ ቤት ሆነው ጌሙ ውስጥ ይገናኛሉ፤ ፊት ለፊት የሚከብደውን እዚያ ይነጋገራሉ። ሲራጁዲን በመካከላቸው ሲያልፍ፣ ግድግዳ ብቻ ነው የሚለያችሁ፣ ለምን አንድ ላይ አትቀመጡም ይላቸዋል። ሁለቱም ሄድፎን ስላደረጉ አይሰሙትም።