ውኃው የማይጎድል በርሜል

ከሁሉ አስቀድሜ ማን እንደሆንኩ ልናገር። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ከወሎ በሰፈራ መጥቼ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ስቆጥር አስተማሪያችንን ወባ ያዘውና ወደ አገሩ ተመለሰ፤ የቀረውን ብቻዬን ነው ያነበብኩት፣ የሳሙና ካርቶን ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳይቀር። አናጢነትን የተማርኩት የተሰበረ ወንበር ፈትቼ መልሼ በመግጠም ነው። ሬዲዮ እጠግናለሁ፤ ከከፈትኳቸው የሚበዙት ተመልሰው ተናግረዋል። ክልሉ አዲስ ተቋቁሞ አሶሳ ቢሮ በቢሮ ስትሆን፣ ከየቦታው ተመድበው የመጡት ሠራተኞች ወረቀት ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ይጽፉ ነበር። ጠረጴዛና ወንበር የሠራሁላቸው እኔ ነኝ። አንድ የቢሮ ኃላፊ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ባይኖሩ ይህ ክልል ቆሞ ነበር የሚሠራው» ብሎኛል። ቀልድ ነው የሚሉ አሉ። እኔ እንደ ምስጋና ነው የያዝኩት።

ይህን ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የሚቀጥለውን ስናገር ዛሬም ፊቴ ይግላል፤ ሰው እሱን ብቻ ሰምቶ እንዲሄድ አልፈልግም።

ሚስቴ የጓሮ ሰው ናት። ቃሪያ፣ ቆስጣ፣ ቲማቲም ትተክላለች። ዝናቡ ሲያቆም ግን ጓሮው በውኃ ሸክም ነው የሚኖረው፤ ቧንቧው ደግሞ ከቁልቁለቱ በታች ነው። አንድ ቀን ጀሪካን አዝላ ስትወጣ ተንሸራታ ወደቀች። የጤና ጣቢያው ሰው መርምሯት፣ «ወገቧ ተጎድቷል፣ ከእንግዲህ ሸክም የሚባል ነገር ይቅርባት» አለኝ።

«በቃ ጓሮውን ተዪው» አልኳት።

«አንተ ሬዲዮህን ተዋ» አለችኝ።

ስለዚህ ተክሉ ራሱ የሚጠጣበትን ዘዴ ፈጠርኩ። አዎ፣ ፈጠርኩ፤ ማንም አላሳየኝም። ኩራዝ ጋዙን በክር ወደ ላይ እየሳበ ይነዳል፤ አፈርስ ለምን ውኃ አይስብም? የነዳጅ በርሜሎችን ለሁለት ቆረጥኩ፣ በሳሙና አጠብኩ፣ በእሳት ለበለብኩ። ከታች ውኃ የሚጠራቀምበት ቦታ ተውኩ። ከውኃው በላይ የተበሳሳ ቆርቆሮ አጋደምኩ፣ መሐሉ ላይ የተበሳሳ የወተት ጣሳ እንደ እግር ወደ ውኃው አወረድኩ። ጣሳውም በርሜሉም በአፈር ይሞላል፤ አፈሩ ከውኃው በእግሩ እየሳበ ላይ ያለውን ተክል ያጠጣል። ውኃው የሚጨመረው ጎን በቆመ የቀርከሃ ቱቦ ነው። በወር አንዴ ከሞላሁት ይበቃል አልኩ።

አፈሩን ደግሞ በጥበብ መረጥኩ። ከጆንያ የሚወጣ ነጭ ማዳበሪያ አልነካም፤ አፈር ራሱ ይበቃል ባይ ነኝ። በእኛ አገር ምስጥ የማይበላው የለም። ቤት ይበላል፣ አጥር ይበላል፣ የሰው ሳጥን ከነልብሱ ይበላል። ይህን ሁሉ የበላ ፍጥረት የገነባው ኩይሳ ካልወፈረ የትኛው አፈር ሊወፍር ነው? ኩይሳ አፍርሼ፣ አድቅቄ፣ በውኃ ለውሼ በርሜሎቹን ሞላሁ። አየር እንዳይቀርበትም በእግሬ ረገጥኩት። ይህንኑ ኩይሳ የቤቴን ግድግዳ የለሰንኩበት ዝናብ ስለማያሳልፍ እንደሆነ አውቅ ነበር። ማወቄን ግን ያኔ አላስታወስኩትም።

ሠራልኝ። ቃሪያው ለመለመ። በየሳምንቱ በቀርከሃው ቱቦ ቀጭን እንጨት ሰድጄ ውኃውን ስለካ፣ ምንም አልጎደለም። ላዩን በጣቴ ስነካው እርጥብ ነው። እዩት፣ ውኃው እስከ ላይ ወጥቷል፣ ከታች ደግሞ አልቀነሰም! ይህን በቢሮዎቹ ሁሉ እየዞርኩ አወራሁ። ማታ ማታ ሚስቴን፣ «ወገብሽ ተሻለሽ፣ አይደል?» እላትና መልሱን እኔው እመልሳለሁ፦ «ይሻልሻል እንጂ፣ ሸክም የለ!»

በመጨረሻም እንግዳ ጠራሁ። የቢሮው ኃላፊ መጣ፤ አንድ ወጣት የግብርና ባለሙያም አብሮት መጣ። አጥር የምንጋራት የበርታ ብሔረሰብ ጎረቤታችን በወዲያ በኩል ያሰጣችውን ባምያ እየሰበሰበች ነበር። ሚስቴ የተቀቀለ ለውዝ በሳህን ይዛ ቆማለች።

«ማን ነው የሚያጠጣው?» አለ ኃላፊው።

«ማንም። ራሱ ነው የሚጠጣው።»

«በስንት ጊዜ ይሞሉታል?»

«ልጄ፣ ከሞላሁት ወር አለፈው። እይ!» እንጨቱን ሰድጄ አወጣሁ። «አንድ ጣት አልጎደለም!»

ባለሙያው እንጨቱን ተቀብሎ አገላበጠው። «ጋሼ፣ ካልጎደለ ተክሉ ምን እየጠጣ ነው?»

ለዚህም መልስ ነበረኝ። «ቁጠባ ነው» አልኩት። «ጥሩ አፈር የወሰደውን መልሶ ይሰጣል።» በዚህ ብቻ ብቆም ምን ነበረበት? «ሚስቴ እንኳ ወገቧ የዳነው በዚህ ነው፤ በርሜሉን ከሠራሁ ወዲህ ጀሪካን በእጇ አልነካችም» ብዬ ጨመርኩ።

ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ ሳቋ አመለጣት። ለእሷ ሙያ ያለው ሁሉ «ኡስታዝ» ነው፣ በአማርኛዋም ሴቱ ሁሉ ወንድ። «ወላሂ ኡስታዝ፣ አንተ ሬዲዮ ብቻ ነው ምትሰማ? ሚስትህ ጠዋት ጠዋት እኛ ጋ ቧንቧ ይሰለፋል! አንተ ሥራ ይሄዳል፣ ሚስትህ ውኃ ያመጣል፣ በርሜል ከላይ ያጠጣል፣ ከዚያ ወገብ ይዞ ይቀመጣል።»

«አንቺ ደግሞ፣ ማን ጠየቀሽ!» አለች ሚስቴ።

ጎረቤታችን አፏን በእጇ ያዘች። ሚስቴ ፊቷን ወደ ለውዙ መለሰች። ባለሙያው እንጨቱን መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠው። ኃላፊው፣ ነፍሱን ይማረውና ጥሩ ሰው ነበር፣ «ቃሪያው ግን ያማረ ነው» አለ። ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ለውዙን ቆመው በችኮላ በሉና ሄዱ።

«ለምን?» አልኳት ብቻችንን ስንቀር።

«ቅጠሉ ሲጠወልግ አየሁታ። አንተ ያን ጊዜ ከተማውን አዳርሰሃል። ደረቀብህ ብዬ ልንገርህ?»

«ወገብሽስ?»

«ወገቤማ አለ፣ የት ይሄዳል» ብላ ሳህኑን ልታነሳ ጎንበስ አለች። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመችና ግድግዳውን ያዘች። በዚያ ሁኔታ ስትቆም ያየኋት የመጀመሪያዬ ነበር። እሷ ግን ስንት ጊዜ እንዲያ ቆማ እንደነበር እግዜር ይወቀው። ባለሙያው ፊት ካፈርኩት እጥፍ እዚያች ግድግዳ አጠገብ አፈርኩ።

አንዱን በርሜል ገልብጬ አየሁት። ከላይ ሚስቴ ያጠጣችው ጭቃ፣ መሐሉ እንደ ጡብ የደረቀ፣ ከታች ውኃው እንዳለ። አፈሩ ሲደርቅ ተኮማትሮ ከጣሳው እግር ተላቋል። ከውኃው አንድ ጠብታ እንኳ አልሳበም።

በማግስቱ ጀሪካኑን ይዤ ቁልቁል ወረድኩ። ወረፋው ሴት ብቻ ነው።

«በርሜሉ ጠማው እንዴ?» አለች አንዷ።

«ኧረ ተዉት፣ የውኃ ሚኒስትር ሆኖ ነው የመጣ!»

«ኡስታዝ፣ ወረፋ ከኋላ ነው» አለች ጎረቤታችን፤ እሷም ሳቀች።

አንገቴን ደፍቼ ከኋላ ቆምኩ። ሽቅብ ስወጣ ክዳኑ አልጠበቀ ኖሮ ውኃው ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ። እኔ በሠራሁት ወንበር ሊቀመጡ ወደ ቢሮ የሚሄዱት ሠራተኞች እያዩኝ አለፉ። ሰላምታቸው አጭር ነበር። እስኪዘንብ ድረስ በየቀኑ እንዲሁ ሆነ፤ ማፈሩን ግን አልለመድኩትም።

አፈሩን እንደገና ጀመርኩ። ጉድጓድ ቆፍሬ የፍየል በጠጥ፣ የቀርከሃ ቅጠል፣ የጓሮ አረምና የለውዝ ቅርፊት ደራረብኩበት፤ እያረጠብኩ፣ እያገላበጥኩ ሽታው ጠፍቶ የጫካ አፈር እስኪመስል ጠበቅኩ። ይህን ብስባሽ በወንፊት ነፍቼ ከወንዝ አሸዋና ከጥቂት የላይ አፈር ጋር ቀየጥኩት። በእጄ ጨብጬ ስለቀው መያያዝ አለበት፣ በጣት ሲነካ ደግሞ መፈርፈር። ከተያያዘና ካልፈረፈረ ጭቃ ነው፤ ጨርሶ ካልተያያዘ ውኃ አይዝም። መጠኑን እየለያየሁ በተበሳሱ ጣሳዎች ሞላሁ፣ ሳልረግጥ፣ ቀድሜ አረጥቤ። ጣሳዎቹን ውኃ ባለበት ገበታ ላይ ደረደርኳቸው። ውኃውን ሳይስብ ላዩ የደረቀውን እጥላለሁ።

«ሠራ» የማለት መብት ግን ከእኔ ተወስዷል። ሚስቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጣቷን እያስገባች ትፈርዳለች።

«ይሄ ገና ነው።»

«ነክተሽዋል በደንብ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ገና ነው አልኩህ።»

ስንት «ገና» እንደሰማሁ አልናገርም። በሚቀጥለው በጋ አንዱን በርሜል ለራሷ ይዛ ከላይ ሳታጠጣ ለሳምንታት ቆየች፣ እኔ ዞር እንድል አድርጋ እንጨቱን ራሷ ሰደደች። እንጨቱ ደርቆ ወጣ። ውኃው አልቋል፣ ላዩ ግን እርጥብ ነው።

«ጠጥቶታል» አለች። እኔም፣ ያለወትሮዬ፣ ለማንም ሄጄ አልተናገርኩም።

እንግዲህ የቻልኩትን ልቁጠር። ውኃ ወደ ላይ የሚስብ አፈር ያለ መምህር ቀይጫለሁ። ኩይሳውን ከበርሜሎቹ ቆፍሬ አውጥቼ መልሼ ግድግዳ ለስኜበታለሁ። ከሴቶች ወረፋ ኋላ ቆሜ ውኃ ቀድቻለሁ፤ ዛሬ ከእነሱ በግማሾቹ ጓሮ የእኔ በርሜል አለ፣ የጎረቤታችንም ባምያ በበጋ ያፈራል። ባለሙያው ራሱ መጥቶ አፈሩን በእጁ ጨብጦ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ልክ ነው» ብሏል። ስለ ወገቧ ጠይቄ እሷ እስክትመልስ ዝም ማለትን ተምሬያለሁ፤ ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነው። ወገቧን ግን ማዳን አልቻልኩም፤ ብርድ ሲሆን ዛሬም ይይዛታል። ስለዚህ ሳትጎነበስ እንድትደርስባቸው ለበርሜሎቹ ሁሉ በወገቧ ቁመት ልክ ቆጥ ሠርቼላቸዋለሁ። የእንጨት ሥራው፣ ማንም መጥቶ ይየው፣ ቅንጣት አይነቃነቅም።