ለሰዒድ ትራክተር የሚሆን ፓምፕ

ሰዒድ ላፍቶ ሲመጣ አካባቢው ገና ማሳ ነበር። ከስልጤ የመጣው ጎረምሳ ሆኖ ነው፤ መጀመሪያ የቤት መሠረት ይቆፍር ነበር። ማሳው ሁሉ ቤት ሲሆን ደግሞ የቤቱ ባለቤት ሁሉ አበባና ጥላ ፈለገ። ይሄኔ እሱና ባለቤቱ ሙፊዳ ወንዝ ዳር ቦታ ተከራይተው ችግኝ ማፍላት ጀመሩ። ችግኙ የሙፊዳ ነው። ዘሩን የምትመርጠው፣ የምታጠጣው፣ ከደንበኛ ጋር የምትከራከረውም እሷ ናት። የሰዒድ ድርሻ አፈሩ ነበር። ጥቁር አፈር፣ አሸዋና ፍግ ይቀላቅላል፤ ከዚያ በአካፋ መኪና ላይ ይጭናል። በዚህ ሥራ ጎበዝ ነበር፤ የእሱን ያህል ቶሎ የሚጭን በሰፈሩ አልነበረም፤ እሱም ይህን ያውቅ ነበር።

ታዲያ አንድ ጠዋት ፍግ እየገለበጠ ሳለ ጀርባው ላይ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ሐኪሙ የጀርባውን ፎቶ አይቶ የአከርካሪህ ዲስክ ተንሸራቷል አለው። «ከእንግዲህ አካፋ የሚባል ነገር እንዳትነካ። ከነካህ አልጋ ላይ ትቀራለህ።»

የቀን ሠራተኛ ሞከሩ። ግን ፉሪ አካባቢ ፎቅ እየተሠራ ነው፤ ጎበዝ ጎበዙ ወደዚያ ይሄዳል። የመጣው ደግሞ እስከ ምሳ ሰዓት ሠርቶ ይጠፋል። ሰዒድ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ሌላው ሰው አፈሩን ሲያባክን ማየት አንገሸገሸው። «እንደሱ አይደለም! ከሥር አስገባው!» እያለ ይጮሃል፤ ሠራተኛውም አካፋውን ጥሎለት ይሄዳል።

ብስራተ ገብርኤል ሰፊ ግቢ ያለው አንድ የቆየ ደንበኛ ቤቱን ሲሸጥ ነው ትራክተሯ ወደ ሰዒድ እጅ የገባችው። ማሳ የሚያርሰው ግዙፉ ትራክተር አይደለችም፤ ሣር ለማጨድና ጋሪ ለመጎተት የተሠራች፣ ቁመቷ ከሰው ወገብ ብዙም የማያልፍ፣ ትንሽ የናፍጣ ሞተር ያላት ናት። ሰዒድ ባያት ቁጥር አንድ ነገር ይታየው ጀመር። በግንባታ ቦታ አፈር የሚዝቀው ሎደር! ከፊቷ ሁለት ክንድና አንድ ትልቅ የብረት አካፋ ቢሠራላት፣ ጀርባውን ሳያጎብጥ ቁጭ ብሎ መጫን ይችላል።

ሐሳቡን ወደ ላፍቶ በሚወጣው መንገድ ዳር ብየዳ ቤት ላለው ጓደኛው ለዳኜ ነገረው። ዳኜ ሥራ ይወዳል። ክንዶቹን ቆርጦ በየደ፤ አካፋውን ከወፍራም ላሜራ አጠፈ፤ ዘይት ሲገፋቸው የሚረዝሙ ሁለት ሲሊንደሮችም ከአሮጌ ማሽን አውጥቶ ገጠመላት። የቀረው ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ ብቻ ነበር።

«እሱ ቀላል ነው» አለው ዳኜ። «ሶማሌ ተራ፣ መለዋወጫ ሻጮቹ ጋ ሂድ፤ ሞልቷል።»

እውነትም ሞልቶ ነበር። ሰዒድ በገባበት ሱቅ ፓምፑ እንደ ድንች ተከምሯል። ሻጩ ኮፍያውን ወደ ኋላ ያዞረ ወጣት ነው። ሰዒድ ስለ ትራክተሯ ነግሮት ሳይጨርስ አንድ ከባድ ነገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠለት።

«ፋዘር፣ ይሄ የገልባጭ መኪና ነው። አሸዋ የሞላ ገልባጭ የሚያነሳ ፓምፕ ያንተን አካፋማ እንደ ላባ ነው የሚያነሳት።»

«ሞተሯ ትንሽ ናት። ይሆናል?»

«ይሰራል! ምንም ችግር የለውም።»

ሰዒድ ዕድሜውን ሁሉ ዕቃ የሚገዛው ክብደቱን አይቶ ነው። ከባድ ዕቃ ጥሩ ዕቃ ነው። ፓምፑን በሁለት እጁ ሲያነሳው ጀርባው ጠዘጠዘው፤ ግን ደስ አለው።

ገጥመውት ሊሞክሩ ሲሉ ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። ሰዒድ ሞተሩን አስነስቶ የማንሻውን ዘንግ ሳብ አደረገው። ሞተሩ አቃሰተ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ጠፋ።

«ነዳጅ ጨምርለት!» አለ ዳኜ።

ጨመረለት። የባሰ ጭስ፣ የባሰ ማቃሰት፤ አሁንም ጠፋ። አካፋው ከመሬት ንቅንቅ አላለም። ከተሰበሰቡት አንዱ «በሬ ብትገዛ አይሻልህም ነበር?» ብሎ ሰውን አሳቀ። የሰዒድ ፊት እንደ በርበሬ ቀላ።

ሶማሌ ተራ ሲመለስ ሻጩ ፓምፑን አገላብጦ አየና «ዘይት ነክቶታል፤ አልመልስም» አለ። ብዙ ከተጨቃጨቁ በኋላ ልቀይርልህ አለው። ከመደርደሪያው ሥር አንድ ትንሽ ፓምፕ አወጣ። «ትንሽ ሞተር ከሆነችማ ይሄ ነው የሚሆናት። የጭነት መኪና የመሪ ፓምፕ ነው።»

«መጀመሪያ ለምን እንደዚያ አላልከኝም?»

«ፋዘር፣ አንተ መቼ ጠየቅከኝ? ይሄ ይሰራል። ስንቱ ወስዶታል።»

ይኼኛው ሞተሩን አላጠፋም። ዘንጉን ሲስበው ባዶው አካፋ እየተንቀጠቀጠ ከፍ አለ። ሙፊዳ ከችግኞቹ መሃል እጇን ከነጭቃው አጨበጨበች፤ ዳኜ ሰዒድን አቀፈው። ያን ቀን ቤታቸው ሠርግ ይመስል ነበር።

በማግሥቱ ፉሪ ካለ የቤት ሠሪዎች ማኅበር አፈር ሊወስድ መኪና መጣ። ክረምቱ ሳይገባ ግቢያቸውን አረንጓዴ ለማድረግ የቸኮሉ ሰዎች ናቸው። ሰዒድ ትራክተሯ ላይ ወጥቶ አካፋውን አፈሩ ውስጥ ሰካና ዘንጉን ሳበ። ፓምፑ እንደ ትንኝ ጥዝዝ አለ። አካፋው አልተነሳም። አፈሩን ቀንሶ ሞከረ፤ ስንዝር ያህል ተነስቶ ቆመ። ዘይቱ እየጋለ የተቃጠለ ሽታ መጣ። በሩ ላይ ሹፌሩ ጡሩምባውን ይነፋል።

«አባቴ፣ የምትጭኑ ከሆነ ጫኑ፤ አለበለዚያ ልሂድ!»

ሙፊዳ ሮጣ መጣች። «ሰው ልጥራ፤ አንተ ውረድ።»

«ይሰራል ብሎኛል!»

«እያየኸው! የቱ ጋ ነው የሚሠራው? አንተ የምትፈልገው አፈሩ እንዲጫን ነው ወይስ ማሽኑ እንዲያሸንፍልህ?»

ያ ንግግር ሰዒድን አቃጠለው። ከትራክተሯ ወረደ፤ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን የእጅ አካፋ አነሳ። ሙፊዳ «ሰዒድ! በአላህ!» ብላ እጁን ልትይዝ ስትል ገፋት። ብዙም አልጫነም። ጀርባው እንደገና ቀጭ አለና አፈሩ ላይ በጎኑ ወደቀ፤ ሹፌሩና ሙፊዳ ተጋግዘው ቤት አስገቡት።

አልጋ ላይ ዋለ። ጣሪያ እያየ መዋል ለእንደዚያ ዓይነት ሰው ከሕመሙ የከፋ ነው። ከውጭ የሚመጣውን ድምፅ ሁሉ ያዳምጣል፤ የቀን ሠራተኞቹ ሲሳሳቁ በሰማ ቁጥር በእሱ የሚስቁ ይመስለዋል። ሙፊዳን ይቅርታ ሊጠይቃት ፈልጎ ሳለ አፉን ሲከፍት የሚወጣው ሌላ ነው። «ሾርባው ቀዝቅዟል። በሩን ዝጊው። የዚያን ሌባ ሱቅ ሄጄ ባላቃጥል!»

ሙፊዳ ስድቡን ችላ የፓምፑን ነገር ራሷ ያዘችው። ከእሷ የአቮካዶ ችግኝ የሚገዛ ዋቅቶላ የሚባል ሰው ታውቅ ነበር፤ ቤቱ ፉሪ ነው፤ የመንገድ ሥራ ማሽኖችን ሃይድሮሊክ፣ በዘይት ግፊት የሚሠራውን ክፍላቸውን፣ ይጠግናል። ችግሩ ዋቅቶላ አይገኝም። ስልኩ ወይ ዝግ ነው ወይ ከሥራ ቦታ ጫጫታ መሃል «በኋላ! በኋላ!» ይልና ይዘጋዋል። ደጋግማ ደውላ አንድ ቀን አገኘችው።

«ጋሽ ዋቅቶላ፣ የገልባጭ ፓምፕም የመሪ ፓምፕም ሞክረን አልሆነም፤ ለትንሿ ትራክተራችን ምን ዓይነት ልግዛ?»

«ሞተርሽ ስንት የፈረስ ጉልበት ነው?»

«እንጃ።»

«ሲሊንደርሽ ውስጡ ምን ያህል ይሰፋል?»

«እንጃ።»

«ታዲያ እኔ ምን ልበልሽ፣ እህቴ? ዝም ብለሽ ፓምፕ ስጡኝ ካልሽ እጃቸው ላይ ያለውን ይሰጡሻል።» ሊዘጋው ነው ብላ ፈራች፤ ግን ቀጠለ። «ስሚኝ። ፓምፕ ስትመርጪ ሁለት ነገር ታያለሽ። አንደኛ፣ በደቂቃ ምን ያህል ዘይት ይሰጣል? ያ ፍጥነቱ ነው። ሁለተኛ፣ ምን ያህል ግፊት ይችላል? ያ ደግሞ ጉልበቱ ነው። የሁለቱንም ዋጋ የሚከፍለው ሞተርሽ ነው። የገልባጩ ፓምፕ ሞተሩን የሌለውን ጉልበት ጠየቀው፤ ስለዚህ ጠፋ። የመሪው ፓምፕ ደግሞ ለመሪ ነው የተሠራው፤ ጫና ሲበዛበት ዘይቱን ወደ ራሱ ይመልሳል። ይጮሃል እንጂ አያነሳልሽም።»

ሙፊዳ በዚያው ከሰዓት ዳኜን ጠርታ ሲሊንደሩን አስለካች፤ ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ቆርቆሮ ከጭቃው ጠርጋ በስልኳ ፎቶ አነሳችና ከልኩ ጋር ለዋቅቶላ ላከችለት። ብዙ ቆይቶ መልስ መጣ፦ ትንሽ የማርሽ ፓምፕ፣ በአንድ ዙር ስምንት ሲሲ ገደማ ዘይት የሚሰጥ፤ ከዚያ አትለፊ። ከሥሩ ደግሞ፦ ሞተሩ ወደ የት ነው የሚዞረው? ፓምፑም ቀኝና ግራ አለው።

ወደ መኝታ ቤት ገብታ ሰዒድን ጠየቀችው።

«ወደ ቀኝ» አለ ሳያመነታ። «ስንት ጊዜ ፊቷ ቆሜ አይቼዋለሁ!» ከወደቀ ወዲህ እርግጠኛ ሆኖ የተናገረው የመጀመሪያ ነገር ነበር፤ ሙፊዳም ደስ ብሏት ያንኑ ለዋቅቶላ ጻፈችለት።

ወደ ቀኝ የሚዞረውን አዲስ ፓምፕ ራሷ ገዛችው። ሻጩ ሌላ ነበር፤ እሱም ትልቅ ሊያሳያት ሲሞክር «የጠየቅኩህን ብቻ» አለችው። ዳኜ ከሞተሩ አፍንጫ ጋር ፊት ለፊት አጋጥሞ አሰረው። ሰዒድ በዱላ ተደግፎ እስከ በር ወጣ፤ ሙፊዳ ቁልፉን አዞረችው።

ዘይቱ ከፓምፑ አንገት ፊን ብሎ ወጣ። ዳኜን ከፊቱ እስከ ደረቱ አለበሰው፤ የሙፊዳ ሻሽም አልተረፈም። ሞተሩን እስክታጠፋ ድረስ መሬቱ ጥቁር ኩሬ ሆነ።

«አሮጌ ነው የሸጡልሽ!» ሰዒድ ከበሩ ላይ ጮኸ። «ሴት ናት ብለው አታለሉሽ! ነግሬሽ ነበር!»

«ምንም አልነገርከኝም» አለች ሙፊዳ። ሻሿን አውልቃ ፊቷን ጠረገችና አፈር ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሲታመም ያላለቀሰችው፣ ሲገፋት ያላለቀሰችው ያኔ ወጣ። ሰዒድ ደነገጠ። ወደ እሷ ሊሄድ ፈለገ፤ ጀርባው አላራመደውም። ዱላውን እንደያዘ እዚያው ቆመ።

ዋቅቶላ ከብዙ ልመና በኋላ ከሥራ ሲመለስ ጭቃ በለበሰ ቡትስ መጣ። ሰላምታም በቅጡ ሳይሰጥ ጎንበስ ብሎ አየና ቀና አለ።

«ማነው ወደ ቀኝ ይዞራል ያለው?»

ዳኜ መሬት መሬት አየ።

«እኔ ነኝ» አለ ሰዒድ።

«የት ቆመህ አየኸው?»

«ከፊቱ።»

«ከፊት ስታየው ወደ ቀኝ ነው፤ ልክ ነህ። ፓምፑ ግን ፊቱን ወደ ሞተሩ አዙሮ ነው የታሰረው። እኔና አንተ አሁን ፊት ለፊት ቆመናል አይደል? የአንተ ቀኝ ለእኔ በየት በኩል ነው?» ሰዒድ እጁን አየ፤ የዋቅቶላን እጅ አየ። «ፓምፑ ተገልብጦ ዞረ፤ ግፊቱ በመግቢያው በኩል መጥቶ የዘይት መከላከያ ጎማውን በጠሰው። ፓምፑ ደህና ነው። ከየት ሆናችሁ አያችሁት ብዬ አለመጠየቄ የእኔም ጥፋት ነው።»

መፍትሔው ያን ያህል ከባድ አልነበረም። ጎማው ተቀየረ፤ ዳኜ ፓምፑን ከሞተሩ ጎን፣ ፊቱ ወደ ፊት እንዲያይ አድርጎ አሰረውና በቺንጋ፣ በጎማ ቀበቶ፣ አገናኘው። አሁን ሞተሩ በዞረበት አቅጣጫ ይዞራል። ሲሞከር ማንንም አልጠሩም። አካፋው እስከ አፍንጫው አፈር ሞልቶ በዝግታ ተነሳ። እርጥብ አፈር ከሆነ ቺንጋው ይንሸራተትና ይጮሃል፤ ስለዚህ ግማሽ ግማሽ መዛቅ አለበት። ዋቅቶላ «ከዚህች ሞተር ሌላ ነገር አትጠብቁ» ብሎ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ።

ሰዒድ ሲሻለው መጀመሪያ ያደረገው ትራክተሯ ላይ መውጣት ነው። የግቢውን ጉብታ አንዴ እንደተሻገረ ፊቱ ተለዋወጠ። መቀመጫው ስፕሪንግ የለውም፤ ንዝረቱ ሁሉ የሚያርፈው ጀርባው ላይ ነው። እየተንፏቀቀ ወረደ፤ መሪውን ግን አልለቀቀም።

«ለእኔ ብዬ አሠርቼ...» አለና ቃሉን አልጨረሰውም።

አሁን የምትነዳት ሙፊዳ ናት። ረጅም ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ትወጣለች፤ አፈሩን ትዝቃለች፤ መኪናው ላይ ትገለብጣለች። እሱ ጎን ለጎን እየሄደ «ቀስ! ዘንጉን ቀስ አድርጊው! ቺንጋውን ልትጨርሺው ነው!» ይላል። አንዳንዴ ተናዳ ሞተሩን ታጠፋውና «ና አንተ ንዳ» ትለዋለች። ያኔ ዝም ይላል። ያቺን ዝምታ አይወዳትም፤ እሷም አትወዳትም፤ ስለዚህ ቶሎ ታስነሳዋለች።

ባለፈው ሰሞን የማኅበሩ መኪና ተመልሶ መጣ። ሙፊዳ ጭና ስትጨርስ ሰዒድ የጨርቅ ቁራጭ ይዞ ፓምፑ ሥር ዝቅ ሊል ሞከረ፤ አልቻለም። ጨርቁን ከእጁ ወስዳ ጠረገችለት።

«ያን ቀን ገፍቼሽ ነበር» አላት፣ ሌላ ቦታ እያየ።

«አዎ» አለች ሙፊዳ። «ገፍተኸኛል።» ከዚያ ቀና ብላ በሩን እንዲከፍተው ነገረችው፤ መኪናው መውጣት ነበረበት።