የእትዬ ዘሀራን ስልክ ያነሳሁ ጠዋት

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጣቴን አቃጠልኩ። ቆቦ መናኸሪያ አጠገብ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግኑ ጋሽ ይመር የሚባሉ ባለሙያ ነበሩ። የመበየጃው ካውያ በየት በኩል እንደሚያዝ ሳይነግሩኝ ለብየዳ የሚሆን ስታኞ እንዳቀልጥ አዘዙኝ፤ እኔም በጋለው በኩል ያዝኩት። ጮኼ ስለቀው በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝና፣ «በል፣ አሁን ተቀጥረሃል» አሉኝ።

እሳቸው ዘንድ ማዕረግ ነበረው። መጀመሪያ አቧራ አራጋፊ፣ ቀጥሎ ፈቺ፣ ከዚያ ገጣሚ፣ በመጨረሻ በያጅ። ከፈቺነት ወደ ገጣሚነት ለማለፍ የፈታኸውን ቴፕ መልሰህ ስትገጥም አንድም ብሎን መትረፍ የለበትም። እኔ አንድ ብሎን ተርፎኝ ክረምቱን ሙሉ ፈቺ ሆኜ ቀርቻለሁ።

ሞባይል ቆቦ ሲገባ ጋሽ ይመር አልነካም አሉ። «ሆድ ዕቃው የማይታይ ነገር እንዴት ይጠገናል?» ብለው አንዱን ደንበኛ ከነስልኩ መለሱት። እኔ የተጣሉ ስልኮች እየፈታሁ ለብቻዬ ተማርኩ። የኛ አገር ስልክ በሽታው ይታወቃል፤ ሙቀቱ ባትሪውን ያሳብጠዋል፣ የማሽላ ማሳው አቧራ የቻርጀር ቀዳዳውን ይደፍነዋል። በጥርስ ብሩሽና በትንሽ ቲነር ስንቱን አድኛለሁ። ጋሽ ይመር ሲሞቱ ሱቁ ለኔ ቀረ።

ከሱቁ ጀርባ፣ ከመጋረጃው ወዲያ፣ አልጋ ዘርግቼ እዚያው አድር ነበር። አላገባሁም፤ ዘመዶቼም ደጋ ናቸው። ቀን የሰው ስልክ ሲጮህ ይውላል፤ ሲመሽ ግን ሁሉም ስልኩን ይዞ ወደ ሰዉ ይሄዳል። በኔ ቁጥር የሚደውል ቢኖር «ጋሽ ሞላ፣ ስልኬ ደረሰ?» የሚል ነው። ስልኬን ጆሮዬ ሥር አድርጌ ለጥ ብዬ ነበር የምተኛው። ይህን የማወራው ለጉራ አይደለም፤ የሚቀሰቅሰኝ ሰው አልነበረኝም።

በጣት የሚነካው ስልክ ሲበዛ አዲስ ዓይነት ደንበኛ መጣ። ስልኩ ምንም አልሆነም፤ የተበላሸው የባለቤቱ እንቅልፍ ነው። ለነዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነበር። ማታ ዳታውን አጥፋ፣ የመልእክቱን ድምፅና ንዝረት ዝጋ፣ ስልኩን ከትራስህ ሥር አውጥተህ ግድግዳው ጥግ አስቀምጥ። ብዙው ሰው በዚህ ይድናል።

እትዬ ዘሀራ ግን በዚህ አልዳኑም። መናኸሪያው በር ላይ ሳንቡሳ የሚጠብሱ ሴት ናቸው። ያለ ቦታቸው አይቻቸው ስለማላውቅ አንድ ቀን ሱቄ ሲገቡ ደነገጥኩ፤ ክንዳቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«ምን ሆኑ?»

«ዘይቱ ላይ እንቅልፍ ጣለኝ፣ ሞላዬ። ወላሂ ቆሜ ነው የተኛሁት።» ስልካቸውን ከጉያቸው አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። «ይሄ ነገር ገደለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ጢጥ ይላል፤ ባለ ቁጥር ሰዒድ ነው እያልሁ እነሳለሁ።»

ሰዒድ አንድ ልጃቸው ነው። ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ በረሃ ውስጥ ፍየል ይጠብቃል። የራሱ ስልክ የለውም። ለፍየሎቹ ውሃ የሚያመጣ ቦቴ ሲመጣ ከሾፌሩ ለምኖ ይደውላል፤ ቦቴው የሚመጣው ደግሞ ሊነጋጋ ሲል ነው፣ ሾፌሩም ሁልጊዜ አንድ ሰው አይደለም። ስለዚህ የልጁ ቁጥር በየጊዜው ይለያያል። ከሰዒድ በቀር ሌላው ዝም ይበል ብዬ ስልኩን ላዘው አልችልም፤ ሰዒድን በምን ይለየዋል?

ዳታውን አጠፋሁ፣ ድምፆቹን ዘጋሁ። በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። «ወንድሜ ዋጃ ገበያ ሳይወጣ ገና በሌሊት ይደውላል። ቁጥር የሳተውም ይደውላል። ሚስኮል አድርጎ የሚዘጋው አለ። ለቅሶ የሚነግረኝ አለ። ማንን ልክሰስ?»

ሌላ መላ አመጣሁ። ከመሳቢያዬ በጣት የሚጫኑት ቁልፍ ያለው አሮጌ ስልክ አወጣሁ፣ ድምፅ ማጉያውን ቀየርኩ፣ እሳቸውም አዲስ ሲም ካርድ አወጡለት። ይህን ቁጥር ከሰዒድ በቀር ማንም አያውቅም፤ አልጋቸው አጠገብ የሚያድረው እሱ ብቻ ይሆናል። ትልቁ ስልክ ሌላ ክፍል ድምፁ ተዘግቶ ያድራል። ባለ ቁልፉ ስልክ ከጮኸ ሰዒድ ነው፤ ካልጮኸ ይተኛሉ።

«ሰዒድ ቁጥሩን በምን ያውቀዋል?» አሉኝ። ልክ ናቸው። ቁጥሩን ልንሰጠው የምንችለው በትልቁ ስልክ ሲደውል ብቻ ነው።

«እስኪደውል ትልቁን ስልክ እኔ ዘንድ ያሳድሩት» አልኳቸው። «ላነሳ እችላለሁ፤ እኔን ሌላ የሚቀሰቅሰኝ የለም። ሲደውል አዲሱን ቁጥር እነግረዋለሁ።»

ባለ ቁልፉን ስልክ ይውሰዱ ብላቸው እምቢ አሉ። «ማንም የማያውቀውን ስልክ ታቅፌ ምን ላደርግ? ሰዒድ ቁጥሩን ሲይዝ ትሰጠኛለህ።» መርቀውኝ ሄዱ።

እንዲህ ሆኖ የእትዬ ዘሀራ ስልክ ከኔ ራስጌ ማደር ጀመረ። ወንድማቸው ሲደውል አነሳለሁ፤ የቅቤ ዋጋ ነግሮኝ ይዘጋል። ቁጥር የሳተ አንድ ሰው ሠርጌ ላይ ካልተገኘህ ብሎ ለመነኝ፣ ይቅርታ ብዬ ሸኘሁት። ሲቀሰቅሱኝ መናደድ ነበረብኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። እትዬ ዘሀራም ፊታቸው ተመለሰ፤ ሳንቡሳውን እየገለበጡ ከአውቶቡስ ረዳቶቹ ጋር መቀላለድ ጀመሩ።

አንድ ቀን ወፍ ሲንጫጫ ስልኩ ጮኸ። ቁጥሩ የውጭ ነው።

«ሄሎ፣ እማ!»

«ሰዒድ፣ ሞላ ነኝ። ስልክ ጠጋኙ ሞላ።»

ከኋላው ውሃ ሲፈስና ፍየል ሲጮህ ይሰማኛል።

«እናቴስ?»

«ደህና ናቸው። ተኝተዋል።»

«እናቴ በዚህ ሰዓት ተኝታ አታውቅም። ሱብሒ ልትሰግድ ትነሳለች። ስልኳን እርስዎ ምን ይሠሩበታል?»

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳው ሞከርኩ፤ ስለ ዘይቱ፣ ስለ ክንዳቸው፣ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ አዲሱ ቁጥር። ባወራሁ ቁጥር እየባሰበት ሄደ። ደህና ናቸው ስለው ትንፋሹ ይቆራረጣል።

«ጋሽ ሞላ፣ አይዋሹኝ። አያቴ የሞተ ጊዜ አጎቴ ጅዳ ነበር። ዓመት ሙሉ ሲደውል ‹ደህና ነው፣ ተኝቷል› ስንለው የከረምነው እኛ ነን።»

«በማርያም እምልልሃለሁ!»

«መቼ ቀበራችኋት?»

ያኔ ነገሩ ገባኝ። በኛ አገር ለሩቅ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው አዘጋጅተው፣ አጠገቡ ቆመው ነው የሚያረዱት፤ እስከዚያ ድረስ የሚባለው ቃል «ደህና ናቸው» ነው። እኔ እውነቱን የምናገርበት ሌላ ቃል አልነበረኝም። ቁጥሩን ብነግረው እያለቀሰ ነው፣ አንዱንም አይዝም። ቦቴው ከሄደ ደግሞ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም፤ ልጁ በረሃ ላይ ብቻውን፣ በሕይወት ላለች እናቱ ሲያለቅስ ሊከርም ነው። ሾፌሩን እንዲያቆየው፣ ስልኩን ይዤ ወደ እናቱ እየሮጥኩ እንደሆነ ነገርኩት። መስማቱን ሳላውቅ ተቋረጠ።

ነጠላ ጫማዬን አድርጌ ሮጥኩ። የእትዬ ዘሀራ ቤት በሮቢት መውጫ በኩል ነው። ከመስጊድ የሚመለሱ ሁለት ሽማግሌዎች እንዲያ ስሮጥ አዩኝ።

«ምን ነካህ? ምን መጣ?»

«ሰዒድ… የእትዬ ዘሀራ ሰዒድ…» ትንፋሽ አጠረኝ። ስልኩን ወደ ላይ አሳየኋቸው።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ኢና ሊላህ» አለ አንደኛው፤ ሌላው ጋቢውን አስተካከለ። አይደለም እያልኩ ብሮጥም ተከተሉኝ። የቅሬ፣ የእድራችን ሰዎች ናቸው፤ እንዲህ ያለ ቤት ሰው ብቻውን አይላክም።

በሩን ሳንኳኳ ነው ያደረግሁትን ያየሁት። ገና ሳይነጋ፣ ሦስት ወንዶች፣ ሁለቱ ሽማግሌ፣ ባሕር ማዶ ልጅ ያላት እናት ደጅ ላይ ቆመናል። መርዶ የሚረዳው ልክ እንዲህ ነው።

እትዬ ዘሀራ በሩን ከፈቱ። እንቅልፍ ፊታቸው ላይ አለ። እኔን አዩ፣ ከኋላዬ ያሉትን አዩ፣ ደፉ ላይ ተቀመጡ።

«ሰዒዴ!» ብለው ጮኹ።

«ደህና ነው!» አልኩ። ያ ቃል እንደገና! ጎረቤት በየበሩ ወጣ፣ አንዲት ሴት ደረቷን መታች፣ ግቢው በለቅሶ ተሞላ። ያኔ ስልኩ እጄ ላይ ጮኸ። ማንም አልሰማውም። አነሳሁና ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ከእትዬ ዘሀራ ጆሮ ጋር አጣበቅሁት።

በዚያ በኩል ሰዒድ የእናቱን ደጅ ለቅሶ ሰማ። የጠረጠረው ተረጋገጠለት፤ እሱም ጩኸቱን ለቀቀው። እሳቸው «ሰዒዴ! ሰዒዴ!» ይላሉ፣ እሱ «እማ! እማ!» ይላል። ሁለቱም እየተለቃቀሱ ነበር። መጀመሪያ ዝም ያሉት እትዬ ዘሀራ ናቸው።

«ማነው?» አሉ።

«እማ?»

«አለህ?»

«አንቺስ አለሽ?»

ለቅሶው ቆመ። አንደኛው ሽማግሌ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። እትዬ ዘሀራ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ቦቴው እስኪሄድ ድረስ የሚረባ ነገር ሳያወሩ ልጃቸውን አናገሩ። አዲሱን ቁጥር ያስያዝነው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሰዒድ ከሾፌሩ እስክሪብቶ ተቀብሎ አንድ በአንድ እየጠራሁለት ጻፈው።

ባለ ቁልፉን ስልክ በዚያው ቀን ወስጄ ሰጠኋቸው። ትልቁ ስልክ ወደ ቤቱ ተመለሰ። እኔም ወደ ሱቄ ተመለስኩ። የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ከበዱኝ፤ የወንድምየው የቅቤ ወሬ እንኳ ናፈቀኝ። ቆይቶ ለመድኩት።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ የምነግራችሁ እንዲህ ነው። ስልክ ከትራስ ይራቅ፣ ዳታ ይጥፋ፣ የግድ የሆነ ሰው ካለ የብቻው ቁጥር ይኑረው። የሩቅ ልጅ የሚጠብቅን ስልክ ግን እናቲቱ ሳትኖር ሌላ ሰው አያንሳው፤ ከምታነሱት ጮኾ ጮኾ ቢዘጋ ይሻላል።