ያልሞተ ሰው ክር

ሰዉ ሁሉ መርፌ ይላታል። ቀጭን ስለሆነች ነው የሚሉ አሉ፤ የሚያውቋት ግን ምላሷ ስለሚወጋ ነው ይላሉ። በየዓመቱ ከተማውን በባንዲራና በሙዚቃ የሚዞረው የሰልፍ ጓድ ልብስ ሰፊ ናት። ከጓዱ አዳራሽ ጀርባ፣ አንድ መስኮትና አንድ ረጅም ጠረጴዛ ባላት ክፍል፣ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጣለች። ቁልፍ ትተክላለች፣ ሱሪ ታሳጥራለች፣ የጥሩምባ ነፊውን ኮት በየዓመቱ እያሰፋች በየዓመቱ ሆዱን ትሰድብለታለች። ይሄ ሁሉ ግን የትርፍ ሰዓት ጨዋታ ነው። ዋናው ሥራዋ ባንዲራው ነው።

ድሮ፣ ዛሬ ካለነው ማንም ባልነበረበት ጊዜ፣ ቲያትር ቤቱ ሲቃጠል እሳቱን ያጠፉ አርባ ሰዎች ጓዱን አቋቋሙ። ከእሳቱ የተረፈውን ቀይ መጋረጃም ቀደው ባንዲራ አደረጉት። ዛሬም ሰማዩ ዝናብ ሲያረግዝ ጭስ ጭስ ይሸታል። ጨርቅ ነውና ይሳሳል፣ ይተረተራል፤ መጠገኛውም ሥርዓት አለው። ባንዲራ ተሸካሚ ሲሞት ከሰልፍ ኮቱ አንገትጌ ክር ይመዘዛል፤ ባንዲራው በዚያ ክር ይሰፋል። አሁንማ ከመጋረጃው የሟቾቹ ክር ሳይበዛ አይቀርም። ተሸካሚዎቹ በስም አይጠሩም፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ እየተባሉ ነው። አሥረኛው የመርፌ አባት ነበር። ልብስ ሰፊም እሱው ነበርና ሙያውን ለልጁ አስተምሮ ነው የሞተው።

«ባንዲራው ውስጥ ያለ ሰው አይረሳም» ይላት ነበር። «ለቤቱ ግን አይሆንም፤ እንደ ሞተ ይቆጠራል። አንዴ የገባ ክር ከወጣ ደግሞ ሰውየው የትም የለም። ስለዚህ ልጄ፣ ኮቱን ሁለቴ ሳታዪ መቀስ እንዳታነሺ።»

እሷም ሁለቴ ሳታይ አንስታ አታውቅም፤ ዘንድሮ ብቻ ነው። አስራ አንደኛው ታሞ ሞተና ሚስቱ ኮቱን አመጣች። በዚያው ቀን በቦታው የተተካው አስራ ሁለተኛው፣ የመርፌ ታናሽ ወንድም፣ ቁልፍ ትከይልኝ ብሎ የራሱን ትቶ ሄደ። ሁለቱ ኮቶች አንድ ልክ፣ አንድ ጨርቅ፣ አንድ ምስማር ላይ ተሰቀሉ። ጥሩምባ ነፊው «ኮቴ ነው የጠበበው፣ እኔ አልወፈርኩም» እያለ ሲከራከራት፣ ፊቷን ወደሱ አድርጋ እጇን ወደ ኋላ ሰዳ አንዱን አወረደች። ክሩን መዘዘች። የባንዲራውን የተቀደደ ማዕዘን አጥብቃ ሰፋችው።

በሦስተኛው ሳምንት የሟቹ ሚስት ኮቱን ልትወስድ መጣች። ጭኗ ላይ ዘርግታ በጣቷ ዳበሰችው።

«እትዬ፣ አንገትጌው እኮ አልተነካም» አለች።

የመርፌ ቆሌዋ ተገፈፈ፤ የመዘዘችው የወንድሟን ኖሯል። ወንድሟ እናታቸው ስትሞት ገና ጥርስ ያላወጣ ሕፃን ነበር፤ ጡጦ እያጠባች ያሳደገችው እሷ ናት። ነጠላዋን እንኳ ሳታነሳ ቤቱ ሄደች። ወንድሟ ማዕድ ላይ ተቀምጧል። ሚስቱ ለራሷና ለልጆቹ ሳህን ደርድራለች፤ ለእሱ ግን የለም።

«ለባልሽስ?» አለች መርፌ።

ሚስትየው ዘወር አለችና ደንግጣ ደረቷን ያዘች። «ውይ! መቼ ገባህ?»

«ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ነኝ» አለ፤ ሊስቅ ሞከረ። እህቱን ወደ በሩ ሸኛትና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ፣ ምን እየሆነ እንደሆነ አላውቅም። ትናንት አንዲት ሴትዮ ቤት መስታወት ስገጥም፣ እኔ መስኮቱ ላይ ቆሜ ሳለሁ ቤቱን ቆልፋብኝ ሄደች። የገጠምኩትን መልሼ ነቅዬ ወጣሁ።»

መርፌ እውነቱን ልትነግረው ፈልጋ አልሆነላትም። አንተን በቁምህ ቀበርኩህ ተብሎ እንዴት ይነገራል?

በማግስቱ የሰልፉ ቀን ነበር። ጠዋት ጓዱ ግቢው ውስጥ ተሰለፈ፤ እሷም ከመስኮቷ ታያለች። ሰልፍ ሳይጀመር አለቃው ሟቾቹን በየተራ ይጠራል፤ ለሟች ባርኔጣ ይወልቃል፣ ዝም ይባላል። «አንደኛ!» ዝም። «ሁለተኛ!» ዝም። እንዲህ እያለ «አስራ አንደኛ!» ላይ ደረሰ። እዚህ ላይ ባርኔጣው መመለስ ነበረበት። አለቃው ግን ባርኔጣውን ደረቱ ላይ እንደያዘ፣ በዚያው በለሰለሰ ድምፅ «አስራ ሁለተኛ!» አለ።

«አለሁ!» አለ ወንድሟ።

ማንም አልዞረም።

«አለሁ እኮ!» ብሎ ጮኸ። አጠገቡ ያለው ከበሮ መቺ ጆሮውን እንኳ አላከከም። አለቃው ባርኔጣውን ደፋና «እንግዲህ አስራ ሦስተኛ እንምረጥ» አለ።

መርፌ በሩን ቀረቀረች። ባንዲራውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ማዕዘኑን መፍታት ጀመረች። ስፌቷን ትኮራበት ነበር፤ ዛሬ ግን ያን እጇን ረገመችው። የወንድሟን ክር ስትስብ ሌላ ክር አብሮ መጣ። ቀድሞ ራሷ ያስገባችው የአባቷ ነበር። የዘንድሮው ቀዳዳ በአባቷ ጥገና ላይ ስለነበር፣ ሁለቱን አንድ ላይ ወግታ ጫፋቸውን ቋጥራቸዋለች። በመርፌ ጫፍ ልትለያቸው ታገለች፣ አልተለዩም። በጥርሷ ሞከረች፣ አልሆነም። ውጭ አለቃው ሰው እየመረጠ ነው።

«አባባ፣ ይቅር በለኝ» አለች። እያለቀሰች ሁለቱንም መዘዘቻቸው።

ምንም ሳያስቸግሩ ወጡ። ከኋላዋ፣ የስፌት መኪናው ጋ፣ አንድ ሰው ከወንበር ሲነሳ ሰማች። ዞር ብላ አላየችም።

«አስራ ሁለተኛ! ምን ይገትርሃል? ሂድ ባንዲራውን አምጣ!» የሚለው የአለቃው ቁጣ ከግቢ ተሰማ። በሕይወቷ እንደዚያ ያማረ ስድብ ሰምታ አታውቅም። ማዕዘኑን የሟቹ ሚስት ትታላት በሄደችው በትክክለኛው ኮት ክር ቶሎ ቶሎ ሰፍታ ለወንድሟ አስረከበች። አለቃው ጥሪውን ከአንደኛ እንደ አዲስ ጀመረ። «ስምንተኛ! ዘጠነኛ! አስራ አንደኛ!» ባርኔጣው ተመለሰ። ማንም ቁጥር ተዘለለ አላለም።

ከሰዓት በኋላ ወንድሟ ላቡን እየጠረገ፣ ሚስቱ ስላረፈደበት ምሳ እየተነጫነጨችበት፣ ልጆቹ እግሩ ላይ ተጠምጥመው ወደ ክፍሏ ገባ። መርፌ አቀፈችው።

«ባንዲራው ዛሬ ቀለለኝ» አላት።

«አባባ ይህን ባየ!»

«የማን አባባ?»

«የኛ ነዋ!»

ግር ብሎት አያት። ደክሟታል ብሎ ነው መሰል ትከሻዋን አሻሸው። «እትዬ፣ እኛ እኮ አባት አልነበረንም። አንቺ ነሽ ያሳደግሽኝ።»

ልትቆጣው አፏን ከፈተች። እንዲህ ያለ ሰው ነበር ብላ መልኩን ልትነግረው ስትጀምር፣ ጺም ነበረው ወይስ አልነበረውም የሚለው ጠፋባት።