ከቢላዋ የማይርቅ ጠመንጃ

ታደለች ጠመንጃ ልትገዛ ነው የሚለው ወሬ ቴክሳስ ውስጥ ግራንድ ፕሬሪ ከተማ ያለውን አበሻ ሲያዳርስ፣ ባሏ ንዋይ ደንግጦ ሊከለክላት እንደሞከረ ተደርጎ ተወራ። ውሸት ነው። ንዋይ ሲደነግጥ የጀመረውን ሻይ ትቶ ይነሣል፤ ያን ዕለት ግን ሻዩን ጨርሶ ሌላ አስጨመረ። የመከራት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀለል ያለ ይሁን፣ ትከሻሽን ታውቂዋለሽ።

ትከሻዋን የማያውቅ አልነበረም። ታደለች አሜሪካ ከገባች ጀምሮ ዌርሃውስ በሚሉት አንድ ትልቅ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስታነሣና ስትደረድር የኖረች ሴት ናት። ብርድ ሲገባ ቀኝ ትከሻዋ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል። ሐኪሙ ከባድ ነገር አታንሺ ይላታል፤ ሱፐርቫይዘሯ አንሺ ይላታል። ደመወዝ የሚከፍላት ሐኪሙ ስላልሆነ ታነሣለች። በዚህ አታማርርም። ሰው የተሰጠውን ነው የሚሸከመው ትልና የሚቀጥለውን ካርቶን በግራዋ ትቀበላለች።

የጠመንጃው ጣጣ የጀመረው ከዓመት በፊት ነው። እዚያው ዌርሃውስ ፎርክሊፍት የሚሉትን የዕቃ ማንሻ መኪና የሚነዳ ዴል የሚባል ሽማግሌ ቴክሳሳዊ አለ። ቦንሃም ከምትባለው ከተማ ወዲያ ከአባቱ የወረሰው ጫካ አለው፤ ወቅቱ ሲደርስ አጋዘን ይታደንበታል። ታደለች ምሳዋን እያካፈለች ቀይ ወጥ ስላስለመደችው ውለታዋን የሚመልስበት ሲፈልግ ቆይቶ፣ ባልሽን ይዘሽ ነይና አንድ አጋዘን ግደሉ አላት። ንዋይ ለጓደኛው ለመኳንንት ነገረው። መኳንንት ታክሲ ነጂ ነው፤ መነጽር የተገጠመለት ረጅም ጠመንጃም ነበረው። ስለዚያ ጠመንጃ ሲያወራ ቴክሳስ ቆሞ ኦክላሆማ ያለ አጋዘን የሚጥል ይመስል ነበር።

እውነትም ጣለ። ከሜዳው ማዶ፣ ከጅረቱ ወዲያ ቆሞ የነበረውን አጋዘን በአንድ ጥይት ዘረረው። ንዋይ ካራውን ይዞ ሮጠ። ሮጠ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ንዋይ ኤርፖርት ሻትል እየነዳ የመንገደኛ ሻንጣ ሲያወርድ ጉልበቱን የጎዳ ሰው ነው። ሜዳውን አነከሰ፣ ጅረቱን በድንጋይ በድንጋይ ተሻገረ፣ ደርሶም በስመ አብ ብሎ አረደ። ደሙ በወጉ አልፈሰሰም። መኳንንት ገላው ይሞቃል፣ ነፍስ አለው ብሎ ተሟገተ። ታደለች ግን ባሏን ነው ያየችው። ንዋይ ውሸት አይሆንለትም።

"በስመ አብ ስል አልሰማኝም" አለ።

በቃ፣ በክት ነው። በክት ደግሞ ታደለች ቤት ደጃፉን አያልፍም። ዴል አጋዘኑን እንዳለ ወሰደው። ብርዱን ሙሉ ቋሊማ እያሠራ ሲበላ ከረመና ባገኛት ቁጥር ሃይማኖታችሁን ወድጄዋለሁ፣ በሚመጣውም ዓመት ዘግይታችሁ ድረሱ ይላት ነበር።

እዚህ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር። ነገር ግን ታደለች በየወሩ የምትጠጣው የቅዱስ ሚካኤል ማኅበር አለ፤ ማኅበርተኞቹን ደግሞ ወሬ አያመልጣቸውም። ከሁሉም እትዬ የትምወርቅ ይብሳሉ። እትዬ የትምወርቅ ጋርላንድ ከተማ ልጃቸው ቤት የሚኖሩ፣ ጉልበታቸው ደክሞ ምላሳቸው ያልደከመ ሴት ናቸው። ታደለች ባለችበት ሥጋ በቀረበ ቁጥር ሳህኑን ገፋ ያደርጉና "ታደለች፣ ይኼ መቼ ነው የሞተው?" ይላሉ። ሰው ይስቃል። ታደለችም አብራ ትስቃለች። መስከረም ላይ ግን ከሺፍት ወጥታ እንቅልፍ ሳታይ በመጣችበት ቀን፣ ሳቁ አልመጣላትም። ጽዋው ሲዞር ብድግ አለችና የኅዳር ተራ የኔ ነው፣ በነፍሱ የታረደ አጋዘን አበላችኋለሁ፣ ካላበላሁ እትዬ የትምወርቅ ዕድሜ ልካቸውን ይሳቁብኝ አለች።

ተናግራ ሳትቀመጥ ነው የጸጸታት። ከአፍ የወጣ፣ ያውም በጽዋ ፊት፣ አይመለስም። ቀኑም ጠባብ ነበር። ያን ዓመት ኅዳር ሚካኤል ዓርብ ዋለ፤ ዓርብ ሥጋ የለም፤ ድግሱ ወደ እሑድ ተዛወረ፤ በማግስቱ ሰኞ የነቢያት ጾም ይገባል። እንግዲህ አደኑ ከተፈቀደበት ቀን እስከ ቅበላ ያሉት ጥቂት ቅዳሜዎች ብቻ ናቸው የተረፏት። ከዚያ በኋላ የተገኘ አጋዘን እስከ ገና ፍሪዘር ይገባል፤ ፍሪዘር ደግሞ የእትዬ የትምወርቅን አፍ አይዘጋም።

ታደለች ካርቶን እየደረደረች ነገሩን አብሰለሰለችው። መኳንንት ጥፋቱን በንዋይ ጉልበት ያላክክ ነበር። እሷ ግን ጉልበቱ ምን አጠፋ ብላ ጠየቀች። ጠመንጃው ሩቅ ሄዶ ገደለ፣ ቢላዋው ወደ ኋላ ቀረ፤ ችግሩ ይኸው ነው። ሩቅ የሚገድል ጠመንጃ ለማያርድ ሰው ነው የተሠራው። ለእነሱ የሚሆነው ከቢላዋው የማይርቅ ነው። ተኳሹ ማን እንደሚሆንም አልተከራከሩበትም። ሴት አታርድም፤ ስለዚህ ካራው የንዋይ ነው። የቀረው ጠመንጃው ነው። እሱን ታደለች በደርግ ጊዜ ቀበሌ ውስጥ ተምራለች፤ ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ ሰው በወጉ ያስተማረኝ እሱን ብቻ ነው ትላለች።

መሣሪያ ሱቅ የሄዱ ጊዜ መኳንንት ሳይጠራ ተከተላቸው። ሻጩ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ ሰው ነው። መኳንንት ቀድሞ ገባና ረጃጅሙን ሁሉ ከግድግዳው አስወረደ፤ ስለ መነጽሩና ስለ ርቀቱም ለሻጩ ማስረዳት ያዘ። ታደለች አንዱን አነሣች፤ ከበዳት፤ መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ቅርብ የሚመታ የለህም ወይ ብላ ሻጩን ጠየቀችው። ሻጩ ዕድሜውን ሙሉ ሩቅ የሚመታ ነው ሲጠየቅ የኖረው፤ ፈገግ ብሎ ምን ያህል ቅርብ አላት። ታደለች መልስ ከመስጠት ይልቅ ከባንኮኒው ተነሥታ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ የተደረደረበት ድረስ ሄደችና ዘወር ብላ ቆመች። ይኼን ያህል ማለቷ ነው።

ሻጩ ከጥግ አንድ አጭር፣ ሰደፉ እንጨት የሆነ ጠመንጃ አወጣ። ቃታው ሥር እንደ ትልቅ ቀለበት ያለ ብረት አለው፤ ብረቱን ወደ ታች ገፍተው ሲመልሱት ቀለሁ ይወጣና አዲስ ጥይት ይጎርሳል። ሌቨር ይሉታል። በካውቦይ ፊልም ፈረሰኞቹ የሚይዙት ነው። የሚጎርሰው ግን የጠመንጃ ጥይት አይደለም፤ ባለ ተሽከርካሪው ሽጉጥ የሚጎርሰውን ነው።

መኳንንት ሳቁ ሱቁን ሞላው። "የሽጉጥ ጥይት! ታዱ፣ ማለቴ፣ አጋዘኑን ልትገድዪው ነው ወይስ ልታስደነግጪው?"

ሻጩ አማርኛውን ባይሰማም ሳቁን ሰምቷል፤ እንዲህ ያለ ሳቅ ለምዷል። ያው ጥይት ከሽጉጥ አጭር አፈሙዝ ሲወጣና ከዚህ ረጅም አፈሙዝ ሲወጣ ኃይሉ አንድ እንዳልሆነ አስረዳ። እሷ እስከቆመችበትና ከዚያም አለፍ ብሎ ለአጋዘን በቂ ነው፤ ሜዳ ማዶ ግን ይደክማል አለ።

"እኔም እደክማለሁ" አለች ታደለች። "እንግባባለን።"

ምርጫው በሁለት ዓይነት ጥይት መካከል ሆነ። አንዱ ወፍራሙ ነው፣ ፎርቲ ፎር የሚሉት፤ ሌላው ቀጠን ያለው፣ ስሪ ፊፍቲ ሰቨን የሚሉት። ከሱቁ ጀርባ መተኮሻ ስላለ ሁለቱንም አስሞከራት። ወፍራሙ ገና በመጀመሪያው ትከሻዋን ሲጢጥ አሰኘው። በሁለተኛው ገና ሳትተኩስ ዓይኗን ጨፈነች። ሦስተኛው ዒላማ የተደረገውን ወረቀትም አልነካ። ቀጭኑን ስትተኩስ ግን ዌርሃውሱ ማጓጓዣ ቀበቶ ላይ መጥቶ ደረት እንደሚነካ ካርቶን ገፋ አደረጋትና ተወ። ያን ግፊያ ለምዳዋለች። ጥይቶቿ መዳፍ በሚሸፍነው ቦታ ተጠጋግተው አረፉ። ሻጩ አልዋሻትም፤ ወፍራሙ አጥብቆ ይጥላል አለ፤ ነገር ግን የምትፈሪው ጠመንጃ የትም አይመታም። ከቀጭኑም ቀለል ያለውን ለወረቀት መለማመጃ፣ ከበድ ያለውን ለአጋዘን አድርጊ ብሎ መርጦ ሰጣት።

መኳንንት መኪናው ጋ እስኪደርሱ የሴት ጠመንጃ እያለ አላገጠ። "እና ምን ልሁን ብለህ ነው?" አለችው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ የዴል ላሞችና ሽኮኮዎች ብቻ መጡ። በሁለተኛው ቅዳሜ አንድ አጋዘን ከቁጥቋጦው ራሱን ብቅ አድርጎ ነበር፤ ንዋይ አንቀላፍቶ ያንኮራፋ ጀመርና አጋዘኑ ወደ መጣበት ተመለሰ። በሦስተኛው ዘነበ። ዓርብ እትዬ የትምወርቅ ኮል አድርገው ለእሑድ ምስርም ይሠራ ወይ ብለው ጠየቁ። ታደለች ምስሩን ከጓዳ አወጣች፤ ግን አልዘፈዘፈችውም።

የመጨረሻው ቅዳሜ ጧት ባልና ሚስት ወደ ጅረቱ በሚወርደው የአጋዘን ዱካ አጠገብ፣ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ውስጥ ተቀመጡ። ብርዱ አጥንት ይገባል። ንዋይ ካራውን ጭኑ ላይ አድርጎ እንቅልፍ እንዳይጥለው ቆሎ ሊቆረጥም ሲል ከለከለችው። ዴል ትከሻውን በይው፣ ባለበት ይወድቃል ብሏታል። ትከሻ ስትባል ምን እንደሆነ ታውቃለች።

አጋዘኑ በዱካው ራሱን ወደ መሬት ደፍቶ እያሸተተ መጣ። ከባንኮኒው እስከ ዓሣ ማጥመጃው ድረስ ቢሆን ነው። ታደለች ትንፋሿን ያዘች፣ ቃታውን ሳበች። አጋዘኑ ባለበት ተንበረከከ።

"ተነሥ!"

"ጉልበቴ ቆልፏል" አለ ንዋይ።

መቀመጡና ብርዱ አብረው ጨርሰውታል። ግንድ ይዞ ሊነሣ ቢል አልሆነም። አጋዘኑ እዚያ፣ ድንጋይ ወርውረው በሚመቱበት ቦታ፣ ራሱን ሊያነሣ ይታገላል። ንዋይ ካራውን ወደ እሷ ዘረጋና "አንቺው አድርጊው፣ ማን ያየናል?" አለ።

ታደለች ካራውን አየችው። ሮጣ መድረስ ትችል ነበር። ግን እሑድ እትዬ የትምወርቅ ማን አረደው ብለው ንዋይን ይጠይቁታል፤ ንዋይ ደግሞ ውሸት አይሆንለትም። የጠመንጃዋን ሌቨር ከፍታ ግንድ ላይ አስደገፈችው፤ በዚያ ሐኪም በከለከለው ትከሻዋ ከብብቱ ሥር ገባችና ባሏን እንደ ትልቁ ካርቶን ብድግ አደረገችው። ትከሻው ሲጢጥ አለ። አልሰማችውም። ንዋይ በአንድ እግሩ እየዘለለ ገና መንገድ ላይ "በስመ አብ…" ብሎ ጀመረ።

"ስትደርስ በል፣ ያልቅብሃል!"

ደረሱ። አጋዘኑ ራሱን ቀና አደረገ። ንዋይ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ብሎ ካራውን አሳረፈ፤ ደሙ ፊን ብሎ ወጣ። በዚያው ቅጽበት የአጋዘኑ የኋላ እግር ተፈናጥሮ ንዋይን ቅልጥሙ ላይ አገኘውና በቂጡ አስቀመጠው።

"ገደለኝ!" አለ ንዋይ።

"ተመስገን" አለች ታደለች።

ዴል የጭነት መኪናውን እየነዳ ሲደርስ ደሙን አየ፤ የታረደውን አንገት አየ፤ ቅር አለው። "ዘንድሮ በጊዜ ደረሳችሁ" አለ። ታደለች አንድ ታፋ እንደምትሰጠው ስትነግረው ግን ፊቱ ተፈታ።

እሑድ ቤቱ ሞላ። ጸሎቱ ደረሰ፣ ጽዋው ዞረ፣ ጥብሱ እየጨሰ ቀረበ። እትዬ የትምወርቅ ሳህኑን ገፋ አደረጉ፤ ሰው ሁሉ ጆሮውን አቆመ።

"ታደለች፣ ይኼ መቼ ነው የሞተው?"

ታደለች ወደ ባሏ ዞር አለች። ንዋይ ከወንበሩ ሳይነሣ የሱሪውን እግር ጠቅልሎ እስከ ጉልበቱ ሰበሰበው። ቅልጥሙ አብጦ ጠቁሯል፤ በጠቆረው መካከል የሁለት ጣት ሰኮና ምልክት እንደ ማኅተም ቁጭ ብሏል።

እትዬ የትምወርቅ መነጽራቸውን አደረጉ። ጎንበስ ብለው አዩት፤ አላመኑምና በጣታቸው ተጫኑት፤ ንዋይ ጮኸ። ቀና አሉ።

"በክት አይራገጥም" አሉና ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

ከዚያ ወዲያ ምስር አለ ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። መኳንንት እንኳ ሳያላግጥ በላ፤ ሁለተኛ ካስጨመረ በኋላ የተኮሳችሁት ከስንት ሜትር ነበር ብሎ ጠየቀ፤ ንዋይም "ከእጅህ እስከ አፍህ" አለው። ነገ ጾም ስለሆነ ሰው እንደ ሰው አልበላም፤ እንደ ቅበላ በላ።

እንግዳው ሲበተን እትዬ የትምወርቅ ነጠላቸውን እያጣፉ ወደ ኩሽና ብቅ አሉ። ታደለች ትከሻዋን በሌላ እጇ እያሸች ቆማ ነበር።

"የረገጠው እግር የትኛው ነው?" አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እሱን ስጪኝ፤ ለገና አስቀምጠዋለሁ።"

ታደለች ፍሪዘሩን ከፈተች። ለይታ፣ ጠቅልላ አስቀምጣላቸው ነበር።